ኢንተርኔት ሲጠፋ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ባለፈው እትም ስለ ዋይፋይ ይለፍ ቃል አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። አንድ አንባቢ ምን ብሎ መለሰልኝ? «ጋሼ፣ በሩ ተከርችሞ ሳለ ስለ ቁልፍ አያያዝ ያስተምሩናል።» መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ለቅቄዋለሁ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ እኔ መሐንዲስም የሕግ ሰውም አይደለሁም። ከ1995 እስከ 2011 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ዛሬ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ሲመሽ ደብዳቤ አነባለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ደሴ ነው። የልብስ ሱቅ አለኝ፤ ገበያዬ ግን በአብዛኛው ቴሌግራም ላይ ነው። የሞባይል ዳታ የጠፋ ጊዜ ወራት ሙሉ ሆቴል እየሄድኩ፣ ሻይ እያዘዝኩ፣ በሆቴሉ ዋይፋይ ፎቶ እለጥፍ ነበር። የሻይ ወጪዬ ከትርፌ የበለጠበት ሳምንት አለ። አጎቴ «ኢንተርኔት የአሜሪካ ነው፣ ሲያሻቸው ይዘጉታል» ይለኛል። መብራት ሲጠፋ የሚደወልበት ቁጥር አለ። ውሃ ሲጠፋ የሚኬድበት ቢሮ አለ። የኢንተርኔት ቀበሌው የት ነው? ባለቤቱስ ማን ነው?

መልስ፦ አጎትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እሷም ጊዜዋ አልፏል።

በእድር ላስረዳሽ። ኢንተርኔት የብዙ ሺህ መረቦች እድር ነው በይው። እያንዳንዱ አባል ገመዱም፣ ማሽኑም፣ ወጪውም የራሱ ነው። የጋራ የሆነው መዝገቡ ነው፤ ማን በምን ስም፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ የተጻፈበት። መዝገቡ ከተምታታ የአንቺን ሱቅ የፈለገ ደንበኛ የማያውቀው ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ ጸሐፊ ያስፈልጋል።

ያ ጸሐፊ ለብዙ ዓመት አንድ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ጆን ፖስቴል ይባላል። ጺሙን ያንዠረገገ፣ ሰንደል ጫማ የማይለየው የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ነበር። ሥራው «አያና» ተብሎ ይጠራ ነበር። የሰፈራችን ሰው ስም ይመስላል፤ ግን የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 ይህ ሰው ኢሜይል ላከ። ዋናውን ማውጫ ከሚይዙት 12 ተቋማት ለ8ቱ «ከአሁን በኋላ የእኔን ማሽን ተከተሉ» አላቸው። ተከተሉት! ተጠቃሚው ምንም አልተሰማውም። ዋሽንግተን ያሉት ባለሥልጣናት ግን ክው አሉ። ፖስቴል «ሙከራ ነበር» ብሎ በቀናት ውስጥ ነገሩን ወደ ነበረበት መለሰ። በዚያው ዓመት መዝገቡን የሚይዝ አይካን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቋቋመ። ፖስቴል ደግሞ በጥቅምት ወር አረፈ። ገና 55 ዓመቱ ነበር።

አጎትሽ የያዙት እውነት እዚህ ጋ ነው። አይካን ለ18 ዓመት የሠራው ከአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ጋር በነበረው ውል ነው። ውሉ ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2016 አበቃ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ካሊፎርኒያ ይሁን እንጂ ውል ሰጪ መንግሥት የለበትም።

መዝገቡ እንዳይጭበረበር የሚደረገው ጥንቃቄ ራሱ ተአምር ነው። በዓመት 4 ጊዜ፣ አንዴ ኤል ሴጉንዶ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ፣ አንዴ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከተለያየ አገር የተመረጡ ሰዎች ተሰብስበው ካዝና ይከፍታሉ። ከካዝናው በሚወጣው መሣሪያ መዝገቡ ይፈረማል። ሥርዓቱም በቪዲዮ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ምን ሆነ መሰለሽ? የኤል ሴጉንዶው ካዝና አልከፈትም አለ። ሁሉም ነገር ለቀናት ቆመ። ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ በድሪል ሰብሮ ከፈተው። ይህን ያነበብኩ ቀን የመርካቶን ቁልፍ ሠሪዎች አሰብኩ። በግማሽ ሰዓት ይጨርሱላቸው ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል እንጂ የማንንም በር አይዘጋም። ይህ በተግባር ተፈትኗል። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 መጨረሻ፣ የዩክሬን መንግሥት ለአይካን ደብዳቤ ጻፈ። በ«ዶት አርዩ» የሚያልቁት የሩሲያ አድራሻዎች ከመዝገቡ ይሰረዙ አለ። አይካን በቀናት ውስጥ እንቢ አለ። ወገን ለይቼ ከሰረዝኩ ነገ ማን ያምነኛል ነው መልሱ በአጭሩ።

ታዲያ ያንቺን ዳታ ማን ዘጋው? በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲመጣ የጠፋውን ዳታ ካሊፎርኒያ የተቀመጠ ሰው አላጠፋውም። ስልክሽ መጀመሪያ የሚያገኘው የአገር ውስጥ ቴሌኮምን ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር የለንምና በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር በኩል ነው የምንወጣው። መውጫው ጥቂት፣ ባለፈቃዱ ጥቂት፣ ፈቃድ ሰጪው አንድ። ሁለተኛ ኩባንያ በመስከረም 2015 ሥራ ሲጀምር «አንዱ ሲዘጋ በሌላው እንወጣለን» ብሎ ተስፋ ያደረገ ብዙ ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። ግን ትእዛዝ ከላይ ሲወርድ ሲም ቀይሮ የሚመለጥ ነገር የለም።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2011 ክረምት ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። (የእኛ ሰፈር ሰዎች ያኔ የመለሱት «ውሃውም እኮ በፈረቃ ነው» ብለው ነው።) ያን ሰኔ መቼም አልረሳውም። መጀመሪያ በፈተናው ሰሞን ጠፋ። መጣ ሲባል ደግሞ ከሰኔ 15ቱ ግድያ በኋላ እንደገና ድርግም አለ። ሪያድ ያለች ልጃቸውን በኢሞ የሚያነጋግሩ አንድ እናት ደንበኛዬ ነበሩ። በየጠዋቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይገቡና ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ሦስተኛው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ዛሬም የለም እማማ።» ቁጭ ብለው ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ። አንድ ቀን ቆሎ ይዘው መጡ። ሲወጡ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ምንም ሳይጠቀሙ?» ብላቸው «ወንበሩን ተጠቅሜያለሁ» አሉኝ። ጳጉሜ ላይ ቤቱን ዘጋሁት። ኪራዩ ዳታ አለ የለም ብሎ አይጠይቅም።

በዚያው ሰኔ ካርቱም ውስጥም ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር። አብደል አዚም ሐሰን የሚባል ጠበቃ ተነሣና የሚጠቀምበትን የቴሌኮም ኩባንያ ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ ከእናንተ ጋር ውል አለኝ፣ ውላችሁን አፍርሳችኋል። ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ግን የከሰሰው በግሉ ስለነበር የተከፈተው የእሱ መስመር ብቻ ሆነ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በጨለማ፣ እሱ ብቻ በብርሃን! ተመልሶ ፍርድ ቤት ሄደ። በሐምሌ መጀመሪያ ለሌላውም ተከፈተ።

እና እኅቴ፣ ቀበሌው የት ነው ላልሽው፣ ከቤትሽ ብዙም አይርቅም። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመረጡት ማሰራጫ ሐሳብን መግለጽ መብት ነው ይላል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው ደግሞ በሕግ ነው። ስለዚህ አቤት ስትዪ «ለምን ጠፋ» ብቻ አትበይ። ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ? በጽሑፍ መልስ ጠይቂ። የጠፋብሽን ገቢ ደግሞ በቀን በቀን ደብተር ላይ ጻፊ፣ የሻይውን ጭምር። ጎረቤት ባለሱቆችም እንዲሁ ያድርጉ። መልስ በማግስቱ ይመጣል ብዬ አልዋሽሽም። ግን የካርቱሙ ጠበቃ ማስረጃ የነበረው ሲም ካርዱና ውሉ ነበር።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ እነዳለሁ። ወንድሜ መቀሌ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከዓመት በላይ ድምፁን ሳልሰማ ቆይቻለሁ። ይሙት ይኑር ሳላውቅ ነበር መሪ የምጨብጠው። ኢንተርኔት በየመንግሥቱ እጅ መሆኑ ነው ጦሱ። ለተባበሩት መንግሥታት ለምን አይሰጥም? ቢያንስ አንዱ ሌላውን ይጠይቀው ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ድምፁን ለመስማት አበቃህ። ሐሳብህ ካንጀት የመጣ ነው። ግን አንድ ያየሁትን ልንገርህ።

የተባበሩት መንግሥታት በየዓመቱ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ቱኒዝያ ላይ ከተደረገው ስምምነት የተወለደ ነው። 17ኛው ጉባኤ የት ነበር ብትል፣ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ፣ በኅዳር 2015። መሪ ቃሉ ላይ «የማይበገር ኢንተርኔት» የሚል አሳብ ነበረበት። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ አንድ ወር እንኳን አልሞላውም ነበር፤ ትግራይ ገና ድርግም እንዳለች ናት። እኔ ያኔ ለአንድ ተሳታፊ ላፕቶፕ ልጠግን ወደዚያ ሰፈር ሄጄ ነበር። እንግዳው ባጁን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለ ዋይፋዩ ፍጥነት ያመሰግነኛል፤ እኔ የዘረጋሁት ይመስል። እኔ ደግሞ በልቤ መቀሌን አስባለሁ። እውነት ለመናገር በጉባኤው ውስጥ ስለ ትግራይ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ግን ጉባኤው ይወያያል እንጂ አይወስንም። ሲፈጠርም እንዲወስን አልተፈጠረም።

«እንዲወስን ሥልጣን እንስጠው» ትለኝ ይሆናል። እስቲ ማን እንደሚቀመጥበት አስብ። በተባበሩት መንግሥታት ጠረጴዛ ድምፅ የሚሰጡት መንግሥታት ናቸው። የዘጋብህም መንግሥት ነው። ባለጉዳዩና ዳኛው አንድ ወንበር ላይ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ዱባይ ላይ የዓለም ቴሌኮም ኅብረት ደንቡን ሲያሻሽል ጭቅጭቁ ይኸው ነበር። ለመንግሥታት በኢንተርኔት ላይ ተጨማሪ እጅ ይሰጣል ብለው የፈሩ አገሮች አንፈርምም አሉ። 89 አገር ፈረመ፤ 55ቱ አልፈረመም። እኔ ብሆን ካልፈረሙት ጋር እቆም ነበር። ምክንያቴ የሦስተኛው ኮምፒውተር ደንበኛዬ ናቸው። እሳቸው በዚያ አዳራሽ ወንበር የላቸውም።

መንግሥት የሌለበት ሁሉ ጽድቅ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የአፍሪካን የኢንተርኔት ቁጥሮች የሚያድለው አፍሪኒክ መሥሪያ ቤቱ ሞሪሸስ ነው። ከአንድ ትልቅ የቁጥር ወሳጅ ኩባንያ ጋር ተካስሶ እ.ኤ.አ. በ2021 የባንክ ሒሳቡ ታገደ። ከዚያ ቦርዱ ምልዓተ ጉባኤ አጣ፤ በ2023 ፍርድ ቤት ንብረት ጠባቂ ሾመበት። በሰኔ 2025 ያካሄደው ምርጫ ተሰረዘ። አዲስ ቦርድ የተመረጠው በመስከረም ነው። የአንድ አህጉር መዝገብ በአንድ ደሴት ፍርድ ቤት ፋይል ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። እድሩ ሲዳከም እንዲህ ነው፤ ጠበቃ ያለው ይገዛዋል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነኝ። ስለ ከተማችን የምጽፍበት የፌስቡክ ፔጅ አለኝ፤ 4,900 ተከታይ ደርሷል። ጓደኞቼ «5,000 ከሞላ እስር ቤት ነህ» እያሉ ያሾፉብኛል። ልዝጋው እንዴ?

መልስ፦ አትዝጋው። ቀልዱ ግን ከባዶ አልመጣም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ላሰራጨ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ አስቀምጧል። አካውንቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። 5,000 መሙላት ወንጀል አይደለም። ቅጣቱን ነው የሚያከብደው።

አዋጁ ለእነ ፌስቡክም 24 ሰዓት ሰጥቷል። ጥቆማ በደረሳቸው በአንድ ቀን ውስጥ የጥላቻ ንግግሩን ማንሣት አለባቸው። እኔን የሚያሳስበኝ «ሐሰት» የሚለውን ማን ይተረጉመዋል የሚለው ነው። ዛሬ ሐሰት የተባለ ወሬ በሳምንቱ መግለጫ ሆኖ ሲወጣ ስንት ጊዜ አይተናል።

ግን ኩባንያዎቹን ዝም ብሎ ማመንም አይቻልም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ከዛቻ ጋር ሲዞር ሰንብቶ በጥቅምት 2014 ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ናይሮቢ ከሰሰ። ናይሮቢ የሆነው የአማርኛውን ይዘት የሚያጣሩ ሠራተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት አያየኝም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 «አያለሁ» አለ። ጉዳዩ ገና ነው፤ ግን ቢያንስ አቤት የሚባልበት ደጅ ተገኝቷል።

አንተ ደግሞ እንደ አድሚን አስተያየት መስጫውን በየማታው ተመልከት። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው አንተ ከጻፍከው ሳይሆን ሥሩ ከሚጻፈው ነው። ያላረጋገጥከውን ደግሞ «ሼር በማድረግ ተባበሩ» አትበል። 5,001ኛው ተከታይ እኔ እሆናለሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ከጎንደር። የልጅ ልጄ የኢንተርኔት አድራሻ በራሳችን ፊደል መጻፍ ይቻላል ይለኛል። እውነት ከሆነ «ሀ» እና «ሐ»ን ማን ይዳኛቸዋል? አሜሪካኖች?

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ጣፈጠኝ።

ኢንተርኔት ቤቱን የከፈትኩ ሰሞን በአማርኛ የተጻፈ ኢሜይል ሲመጣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የሳጥን ሰልፍ ነበር። ፊደላችን ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ግን እኛ ቤት ያሉት አሮጌ ማሽኖች ያንን ገና አልሰሙም ነበር። ዲቪ የሚሞሉ ልጆች ስማቸውን በላቲን እየጻፉ «ጸ»ን በ«ቲ.ኤስ» ይሁን በ«ኤስ» ሲጨቃጨቁ ይመሹ ነበር።

አሁን ወደ «ሀ» እና «ሐ»። ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው የአድራሻ ክፍል፣ ማለትም «ዶት ኮም» ወይም «ዶት ኢቲ» በሚባልበት ቦታ፣ በሌላ ፊደልም እንዲሆን አይካን ከፈቀደ ቆይቷል። ዓረብኛው፣ ቻይንኛው ገብቷል። ለእኛ ፊደል ደንብ ያረቀቀው የፊደሉ ባለሙያዎች ቡድን ነው እንጂ አሜሪካኖች አይደሉም። ደንቡም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አጠቃላዩ ሕግ ገባ። ቡድኑ ያደረገውን ቢሰሙ ግማሹን ይወዱታል፤ ግማሹን ግን እንጃ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሞክሼ ፊደላት እንደ ተለዋጭ ቆጠራቸው። አንድ ቀን «ዶት ፀሐይ» የሚል ቢመዘገብ «ዶት ጸሀይ» ለሌላ ሰው አይሰጥም ማለት ነው። ምክንያቱ አጭበርባሪ ነው። የባንክዎን ስም በሌላኛው «ሐ» ጽፎ ገንዘብዎን የሚያልብ አይጠፋም።

«ዶት ኢትዮጵያ»ስ ይሉኛል። መንገዱ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ክፍት ነው። አንድ አገር በራሱ ፊደል ስሙን መጠየቅ ይችላል። ግን ከአገሩ በኩል መጠየቅ፣ መንግሥትም መደገፍ አለበት። እስካሁን የምንጠቀመው በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረውን «ዶት ኢቲ»ን ነው።

የልጅ ልጅዎን ልክ ነህ ይበሉት። የእርስዎ ተማሪዎች ግን ይህን ሰምተው «አይካን እንኳን አንድ ናቸው ብሏል» እያሉ የፊደል ስሕተታቸውን ነጥብ ሊከራከሩ ይችላሉ። እንኳን ጡረታ ወጡ።